በወረቀቱ ጀርባ ያለው ዘፈን

ካልጋሪ፣ ዋይትሆርን
የካቲት 8 ቀን

ለልጄ ጓደኛ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እናትህስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር፤ እንዲህ ብርዱ ሲበረታ እንደሚብስባቸው አውቃለሁ። ታናሽ እህትህስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ብዬ እንደ ደብዳቤ ወግ ጽፌ ነበር። መልሼ ሳነበው ውሸት ሆነብኝና ሰረዝኩት። ስርዙን ከላይ ታየዋለህ፤ ሌላ ወረቀት መጀመር ስለሰለቸኝ ነው። እስትንፋሴ አለ። ሥራም ተመልሻለሁ። ኤርፖርቱ አጠገብ ባለው ወጥ ቤት ለአውሮፕላን መንገደኞች የሚቀርበውን ምግብ በትሪ እንደረድራለን። እጄ ሥራውን ስለለመደው እኔን ምንም አይጠይቀኝም።

ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ አራተኛ ቀኔ ነው። ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቅጽ ከመሙላት በቀር ብዙ የጻፍኩት የለም። ስልክ ሁለት ጊዜ ደውዬልህ «ሄሎ» ስትል ዘግቼዋለሁ። እኔ ነበርኩ። ቴክስት ለዚህ ነገር አይሆንም። አንተ ደግሞ እዚህ አገር የመጣኸው በአሥራ አንድ ዓመትህ ስለሆነ የአማርኛ ጽሑፍ አይቸግርህም። ልጄ ናሆሚ ብትሆን ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች ግማሽ ቀን ትፈጅበት ነበር።

በለቅሶው ቀን ያደረግኩህን አልረሳሁትም። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። አንተ ካፖርትህን ሳታወልቅ ገብተህ ከበሩ ጎን አንገትህን ደፍተህ ቆምክ። እኔ ከፍራሹ ላይ ተነሣሁ። «አንተ ነህ! ያን የኤርድሪውን ሰውዬ ባታሳያት ልጄ ዛሬ ቤቷ ነበረች! ምን ቀረህ? እንዴት እንደማለቅስ ልታይ መጣህ?» አልኩህ። ሰው ሁሉ ሰማ። የዕድራችን ሰብሳቢ እትዬ ተናኘ ክንድህን ይዘው «ሂድ ልጄ፣ ለአሁኑ ሂድ፣ ሐዘን ነው የሚያናግራት» እያሉ አወጡህ። የጫማህን ክር ሳታስር በረዶው ላይ ስትሄድ በመስኮት አየሁህ። ቀብሩ ላይም አይቼሃለሁ። ከመኪኖቹ ኋላ ብቻህን ቆመህ ነበር። አፈር ከተመለሰ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ እኔ መጥቶ እጄን ሲይዝ፣ ወደ አንተ የሄደ ሰው አልነበረም።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። የምታውቀው አለ፣ የማታውቀው አለ።

ፒያኖውን ጎረቤቶቻችን ቤት ሲለቁ «ውሰዱት» ብለው ሰጡን። ወንድሜ ታደገ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ተሸክሞ አስገባው። የመቀመጫውን ክዳን ስናነሣ ውስጡ በአሮጌ የኖታ ወረቀት ተሞልቷል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙ ሲነካ ይረግፋል። ሽፋኑ ላይ ትልልቅ ባርኔጣ ያደረጉ ሴቶች፣ ጨረቃ፣ ጽጌረዳ፣ ባቡር ተሥሎበታል። እኔ ልጥለው ከረጢት ይዤ መጣሁ። ናሆሚ ክዳኑን ዘግታ ላዩ ላይ ተቀመጠች። «እማ፣ መቶ ዓመት የቆየ ነገር እኮ ነው!» አለችኝ። «እኔም ማርጀቴ አይቀርም፤ እኔንም እዚያ ትከቺኛለሽ?» አልኳት። በሳቅ ፈረሰች። «አንቺ አትገቢም፣ ዳሌሽ ሰፊ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ወሬዋ ሁሉ ስለነዚያ የዘፈን አሳታሚዎች ሆነ። ሬድዮ በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን ዘፈን የሚሸጠው በወረቀት ነበር አለችኝ። ኒው ዮርክና ቶሮንቶ ያትሙታል፣ በባቡር እዚህ ድረስ ይመጣል፣ ሰው ይገዛና ቤቱ ፒያኖ ላይ ይጫወተዋል። አንዱ ከተወደደ አሳታሚው እሱን የሚመስል ሌላ አሥር ያስጽፋል። «ስለ እናት የተጻፈው ብዛቱ፣ እማ! ሁሉም ልጅ ርቆ ሄዶ ይጸጸታል፣ ሁሉም እናት መስኮት ላይ ናት» እያለች ትስቅባቸው ነበር። በወረቀቶቹ ጥግ ላይ ደግሞ የገዙት ልጃገረዶች ስማቸውን በእርሳስ ይጽፋሉ። ልጅቷ ስታገባ የአባቷን ስም በአንድ መስመር ትሰርዝና የባሏን ትጽፍበታለች። እንዲህ ያሉ ሦስት አራት ወረቀቶች አሳየችኝ። «የእኛ ሴት ለማንም ብላ የአባቷን ስም አትሰርዝም» አልኳት። «አውቃለሁ እማ፣ አውቃለሁ» ብላ ወረቀቶቹን መልሳ ከተተች። ያኔ ነገሩን ልብ አላልኩትም።

ዘፈኑ ያለው በአንዱ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። አሳታሚው የሌላ ዘፈን መጀመሪያ አትሞበታል፣ አራት መስመር ብቻ። ሞክሩት፣ ከወደዳችሁት ትገዙታላችሁ ለማለት ነው። ቃሉን ናሆሚ በአማርኛ ነገረችኝ። ሰውዬው ለሚስቱ ነው የሚዘፍነው። «ቁልፉን ከምንጣፉ ሥር ትቼልሻለሁ፣ ምድጃውም አልጠፋም፣ ስትመጪም…» ይልና እዚያው ላይ ያበቃል። ዜማው ወደ ላይ እየወጣ እየወጣ ሄዶ ነው የሚቆመው። ደረጃ ስትወጣ የመጨረሻውን እርከን እግርህ እንዳጣው ያህል ነው።

እኔ ሳህን ሳጥብ ትጫወተዋለች። ሲቆም እጄም ውሃው ውስጥ ይቆማል። «ከዚያስ?» እላታለሁ። «ከዚያማ ትገዢያለሽ!» ትለኛለች። «ጨርሺው እንጂ!» ስላት «የለማ! ማስታወቂያ ነው እኮ፣ እንደ ፊልም ትሬለር» ትላለች። «ታዲያ ፊልሙ የታለ?» ይህ የቤታችን ጨዋታ ሆነ። ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ «ከዚያስ?» እላለሁ፤ እሷ አራቱን መስመር ትጫወትና ሁለት እጇን ወደ ላይ ታነሣለች። አንተም እሑድ እሑድ ስትመጣ ከጎኗ ተቀምጠህ የግራውን እጅ ትጫወትላት ነበር። እኔ ጓደኛሞች ናችሁ እል ነበር።

አንድ ቀን ግን ያልኳት በቀልድ አልነበረም። አባቷ ካረፈ ዘጠነኛ ዓመቱ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሁለታችን ብቻ ተቀምጠናል። «ልጄ፣ ይህን ዘፈን ፈልጊልኝ። ስትመጪ ብሎ ምን እንደሚላት ልስማና ልረፍ» አልኳት። ፍለጋው የጠናው ከዚያ በኋላ ነው። በየኦንላይኑ ጠየቀች፣ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ጻፈች። አንተም ያን ከከተማው ወጣ ብሎ ኤርድሪ ያለውን ሽማግሌ፣ አሮጌ ኖታ የሚሸጠውን፣ ያገኘህላት እሷን ደስ ለማሰኘት ነው። ዘፈኑን ለማን እንደምትፈልገው ነግራህ እንደሆነ አላውቅም። የምትፈልገው ለእኔ ነበር።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ልብሷን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠን። እትዬ ተናኘ ፒያኖውን በነጭ አንሶላ ሸፈኑት። «በሐዘን ቤት ዓመት እስኪሞላ የሙዚቃ ድምፅ አይሰማም። ወረቀቱንም አውጪው፣ እያየሽው አትቃጠዪ» አሉኝ። ወረቀቱን አላወጣሁም። ክፍሏ እንዳለ ነው። ቡትሷ በሩ ሥር አለ፣ የበረዶው ጨው ነጭ ሆኖ ደርቆበታል። ሰው ሁሉ ቀኑ ሲሄድ ይቀልልሻል ይለኛል። ቀኑ እየሄደ ነው፤ የቀለለኝ ግን የለም። አባታችን ሆይ ብዬ እጀምርና ፈቃድህ ይሁን የሚለው ላይ ስደርስ አፌ አይከፈትም። እዚያው ላይ ትቼ እተኛለሁ።

ፖሊሶቹ ስልኳን ከቦርሳዋ ጋር መልሰውልን ነበር። በቀደም ታደገ ቻርጅ አድርጎ ሲከፍተው አንድ የድምፅ መልእክት አገኘ። የኤርድሪው ሽማግሌ ነው። «ሻይ አፍልቼ እየጠበቅኩሽ ነው። መንገዱ ካስቸገረሽ ሌላ ቀን ይሁን። ሳጥኑን ለማንም አልሰጥም» ይላል። የተላከው በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰውዬው የሆነውን የሚነግረው አላገኘም። ያን ሁሉ ጊዜ ልጅቷ ቃሏን በልታ ቀረች ብሎ ነው የተቀመጠው።

ታደገን «ውሰደኝ» አልኩት። ሃይዌዩ ላይ የሆነ ቦታ ስንደርስ ሬድዮውን ዘጋው። አደጋው የደረሰበት ቦታ ይህ ነው አላለኝም፤ ሬድዮውን ሲዘጋ አወቅኩት። ሜዳ ነው። አጥርና በረዶ አለ፣ ሌላ ምንም የለም።

ሽማግሌው ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነው። ታደገ የሆነውን ሲነግረው አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ሳጥኑ በሩ አጠገብ እንዳለ ነበር። ላዩ ላይ በትልልቅ ፊደል «ናሆሚ፣ ቅዳሜ» ተብሎ ተጽፏል።

ሳጥኑ የእናቱ ነው። እናቱ ወጣት ሳለች እዚሁ ካልጋሪ መሐል ከተማ አንድ የሙዚቃ መደብር ውስጥ ትሠራ ነበር። ሥራዋ ፒያኖ መጫወት ነው። ገዢው ከመደርደሪያ ወረቀት ያነሣና «ይህ እንዴት ያለ ነው?» ይላታል፣ እሷ ትጫወትለታለች። ባለ ሱቁ ግን «እስከ መጨረሻው አትጫወቺ፤ ሙሉውን ከሰማው ለምን ይገዛል?» ይላት ነበር። እንዲያ እንደለመደች ቀርታ አርጅታ እንኳ ቤቷ ዘፈን ትጀምርና መሐል ላይ ትተዋለች አለን። ልጆቿ ያለቅሱባት ነበር፣ ጨርሺልን እያሉ።

ታደገ ስለ እኛ ዘፈን ጠየቀልኝ። ሽማግሌው ወዲያው አወቀው። ያ የጀርባ ገጽ በብዙ ወረቀት ላይ ስለወጣ፣ እዚህ ያሉ ገዢዎች «የቁልፉን ዘፈን መቼ ታመጪልናለሽ?» እያሉ እናቱን ያስጨንቋት ነበር። መጨረሻ ላይ ለአሳታሚው ጻፈችለት። መልሱ ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ አንዲት ፖስት ካርድ ናት። ታደገ አነበበልኝ። ዘፈኑን ለማተም የሚበቃ ትእዛዝ ከሌሎች ከተሞች ስላልመጣ አልታተመም፣ ወደፊትም አይታተምም ትላለች። ያ አሳታሚ እንዲህ ያደርግ ነበር አለ ሽማግሌው፤ መጀመሪያውን አውጥቶ ገበያውን ያያል፣ ገበያው ካልመጣ ይተወዋል። «ቀሪው ተጽፎ ነበር ወይ?» ብዬ አስጠየቅኩት። «ማን ያውቃል? አራቱ መስመር ብቻ ይሆናል የተጻፈው» አለ።

ልጄ መንገድ የወጣችው ለዚህ ነው። ለሌለ ነገር።

ካርዷን ይዤ ስቀመጥ ሽማግሌው ማልቀስ ጀመረ። ናሆሚ ዘፈኑ አለህ ወይ ብላ ስትጽፍለት፣ እንዳልታተመ በአንድ መስመር ሊነግራት ይችል ነበር። አልነገራትም። ስለ እናቱ የጠየቀው ሰው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ልጅቷ ቤቱ እንድትመጣለት ፈልጎ «ነይ፣ የማሳይሽ ነገር አለኝ» አላት። «ጥፋቱ የእኔ ነው» እያለ ደጋገመ። ታደገ ተረጎመልኝ። እኔ እጁን ያዝኩና «አይደለም፣ አይደለም» አልኩት። በአማርኛ ነው ያልኩት፤ የገባው መሰለኝ። ለማላውቀው ሰው በአንዴ የወጣልኝን ቃል ለአንተ ያን ሁሉ ቀን ነፍጌህ ኖርኩ።

ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ ነው አራት ቀን የፈጀብኝ።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ናሆሚ መሄድ አልፈለገችም ነበር። «እማ፣ መንገዱ ያንሸራትታል። ነገ እሱ ይወስደኛል፣ የእሱ መኪና የበረዶ ጎማ አለው» አለችኝ። እሱ ያለችው አንተን ነው። እሑድ የአቦ ማኅበር ተራው የእኔ ነበር። ሴቶቹ ይመጣሉ፣ ቤቱ አልተሰናዳም፣ እኔ ከሌሊት ሺፍት ገና መግባቴ ነው። «ለወረቀት ብለሽ ማኅበሩን ጥለሽብኝ ልትሄጂ ነው? ሰው ምን ይለኛል? ዛሬውኑ ሂጂና ገላግዪኝ» አልኳት። የመኪናዋን ቁልፍ ከመስቀያው ያወረድኩት እኔ ነኝ። እጇ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እሷ ኮፍያዋን እያደረገች «እሺ በቃ፣ ስመለስ ከዚያስ እንዳትዪኝ!» አለችኝ። እየሳቀች ነው የወጣችው።

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ግማሹን ነው የነገርኳቸው። አንተ ላይ የጮህኩት ሰው ቀድሞ እኔን እንዳይጠይቀኝ ነው። ይቅር በለኝ ለማለት ፊት የለኝም፤ ቢሆንም ይቅር በለኝ።

ሌላም ያየሁት አለ። ከኤርድሪ ስንመለስ ካርዷን ከዘፈኑ ጋር ላስቀምጣት ብዬ የናሆሚን ወረቀት አወጣሁ። ጥጉ ላይ እንደ ጥንቶቹ ልጃገረዶች ስሟን በእርሳስ ጽፋለች። በአማርኛ ነው፣ ያ የተንጋደደ ፊደሏ። ናሆሚ ገብረመድኅን ይላል። «ገብረመድኅን» በሚለው ላይ ግን አንድ ቀጭን መስመር ተሠምሯል። የአባቷን ስም ሰረዘች ብዬ የሞተች ልጄን ተቆጣሁ። ከዚያ መነጽሬን አድርጌ ጠጋ ብዬ ሳየው ከጎኑ ሌላ ስም አለ። እኔ እንዳላይባት ይመስለኛል፣ በጣም አሳንሳ ነው የጻፈችው። የማን ስም እንደሆነ እዚህ አልጽፈውም፤ ደብዳቤውን የምታነበው አንተው ነህ። መስቀል ሰሞን እናትህ ቤተ ክርስቲያን አግኝተውኝ እጄን ይዘው ሳይለቁኝ ቆይተው ነበር። አንድ ነገር ሊሉኝ ፈልገው የተዉት መስሎኝ ነበር። ሽማግሌ መላክ ከፋሲካ በፊት አይሆንም ብለው ይሆናል።

የፊታችን የካቲት 22 ቅዳሜ የሰማንያዋን ጸሎት ቤት ውስጥ እናደርሳለን። እንድትመጣልኝ እለምንሃለሁ። እንደ እንግዳ በር ላይ አትቁም፤ ቦታህ ፍራሹ ላይ ከእኔ ጎን ነው። ሰው ሲገባ አብረን እንነሣለን። ካህናቱ ከሄዱ በኋላ አንሶላውን ከፒያኖው ላይ አነሣዋለሁ። እትዬ ተናኘ «በሐዘን ቤት ዘፈን?» ብለው ይቆጡ ይሆናል። ሙሉ ዘፈን አይደለም እላቸዋለሁ። አራቱን መስመር ብቻ ተጫወትልኝ፣ የግራውንም የቀኙንም እጅ። የሚያልቅበት ላይ ስትደርስ አቁም። ከዚያስ ብዬ አልጠይቅህም።

ባትመጣም አልቀየምህም። ወረቀቱን ከካርዷ ጋር ጠቅልዬ አስቀምጥልሃለሁ፣ ያንተ ነው።

እናትህን እጅ ነሥታለች በላቸው። ያቺን ሃይዌይ ስትነዳ እመቤቴ ከፊት ከኋላህ ትሁን። ዕድሜህን ያርዝምልኝ። ደግሞ አንድ ነገር ቀረኝ። በዚያ ለቅሶ ሰው ሁሉ እኔን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲለኝ አንተን ያለህ ሰው አልነበረም፤ ማን መሆንህን አናውቅም ነበርና። ዛሬ እኔ እልሃለሁ። ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ።

አማትህ